የፓክ ዊርዮ ትርፍ መነጽር

ዩ ዳርሲኒ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትጠርግ ኖረች። የባሕሩን ውሃ ወደ መደቡ ታስገባለች፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ እሷ ደግሞ ትጠርገዋለች። በማግስቱ እንደገና ከባሕሩ ትጀምራለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ኑሮው ይኸው ነው፤ ሌላ ሥራ ቢገኝ ኖሮ ማን ወገቡን ለጨው ይሰጥ ነበር። ትልቁም ትንሹም "ዩ" እያለ፣ ታላቅ እህቴ እያለ ይጠራታል፤ እሷም ማንም በጠራት ቁጥር "እሺ" ትላለች።

ይህ "እሺ" የእሷ ብቻ አይደለም። በዚያ ባሕር ዳርቻ ለእንግዳ፣ ይልቁንም በዕድሜ ለገፋ እንግዳ፣ "አይሆንም" የሚል ሰው ገና አልተወለደም። መጀመሪያ "እሺ" ይባላል፤ መውጫው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። አንዳንዱ መውጫውን ሲፈልግ ያረጃል።

በቀኝ ዓይኗ፣ በአፍንጫዋ በኩል፣ አንዲት ቀጭን ሥጋ በቅላ ነበር። ሥጋዋ ዓመት በተተካ ቁጥር ወደ ብሌኗ ትጠጋለች። ጨው ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እዚያ የሚጎዳው ከላይ የሚወርደው ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ከጨው ላይ ተንጸባርቆ ከታች የሚመጣው ይብሳል፣ እሱን ደግሞ ባርኔጣ አያግደውም። ዩ ዳርሲኒ እንደ እናቷ ሲሪህ የሚሉትን የሐረግ ቅጠል እየቀቀለች በውሃው ዓይኗን ታጥብ ነበር። ባጠበች ቁጥር ይቃጠላል። ከተቃጠለ መድኃኒት ነው ብላ ትታገሳለች።

ሥጋዋ ብሌኑን ልትነካ ስትቃረብ ግን ልጇ ሱላሲህ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ለዓይን ሕክምና ከከተማ የመጡት ሐኪም ዓይኗን አደንዝዘው ሥጋዋን አነሡላት። ጩኸት የለ፣ ምን የለ። ሲስተሯ ስትሸኛት ጣቷን እየቀሰረች አስጠነቀቀቻት።

"እማማ፣ ጠብታውን በየሰዓቱ ያድርጉ። እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን እንዳይነኩ። ቢያሳክክዎትም አይሹት። ያንን የቅጠል ውሃ እርሱት። እኔ ይበቃል እስክልዎት ድረስ ጨው ሜዳ ድርሽ እንዳይሉ።"

"እሺ።"

"እሺ ብለው ይሄዳሉ፣ ዐውቃለሁ። ከቤት ሲወጡ ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ ትልቅ፣ ከጎንም የሚሸፍን። ፀሐይና አቧራ ካገኘው ሥጋው ተመልሶ ይበቅላል። ሲመለስ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ነው።"

ገበያ ላይ የተገኘው መነጽር ሁሉ የጎረምሳ ነበር፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ልብ ተስሎበት። ያዳናት ጎረቤቷ ፓክ ዊርዮ፣ አባት ዊርዮ እንደማለት፣ ነው። ፓክ ዊርዮ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ሲሆን ሥራው እሽት ነው፤ የተጣመመ አንገትና የደረቀ ወገብ ከሩቅ መንደር ሳይቀር እሱ ዘንድ ይመጣል። ዓይኖቹን ላያቸው ግን እንደማንም ሰው ዓይን ጥርት ያሉ ናቸው። መነጽር የሚያደርገውም ለዚህ ነው፤ በዚያ አገር ሰው እጁን የሚያምነው የዓይነ ስውር አሺን ነው። መነጽሩን ካወለቀ ደንበኛው ይጠራጠረዋል።

"ሁለት አለኝ፣ አንዱን ውሰጂ" አላት።

"ሁለት ምን ያደርግልሃል ፓክ?"

"አንዱ ለሥራ ነው፣ አንዱ ለሰርግ። አንቺ የሰርጉን ውሰጂ፤ ዘንድሮ የሚጠራኝ የለም።"

ዩ ዳርሲኒ የሰርጉን መነጽር ሰክታ ወደ ገበያ ብትወጣ መከራዋን አየች። አንድ ጎልማሳ ክንዷን ይዞ መንገድ አሻገራት፤ መሻገር አልፈለገችም ነበር። "እሺ" ብላ ተሻገረች። ሌላዋ መልሳ አሻገረቻት። የአኩሪ አተር ጥብስ የምትሸጠው ሴት፣ አብራት ያደገችው፣ እንባ ባቀረረ ድምፅ "አይዞሽ ዩ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው" ብላ አንድ ቁራሽ መረቀችላት። "አያለሁ እኮ" ብትላት፣ "አዎ፣ በልብሽ ታያለሽ" አለቻት። ዩ ዳርሲኒ ጥብሱን ይዛ፣ ሳቋ ትከሻዋን እየነቀነቀው፣ ቤቷ ገባች።

ያኔ ሳቅ ነበር። ወሬው ተራራውን ወጥቶ ትንባሆ አምራቾቹ መንደር ሲደርስ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ።

ሱላሲህ በስፌት ፋብሪካ ስትሠራ ፕራዪት ከሚባል የተራራ ልጅ ጋር ተዋደዱ። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ቡ ሙርዲያህ፣ እናት ሙርዲያህ እንደማለት፣ ናት፤ እሷ ካልፈቀደች የሚሆን ነገር የለም። ለእሷ ደግሞ "የልጅቷ እናት ዓይኗ ጠፍቷል፣ በዘር የሚወርድ ነው" ብለው ነገሯት። ቡ ሙርዲያህም "ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ በገዛ ዓይኔ አያለሁ" ብላ ላከች።

ቤቱ ተሸበረ። መነጽር ተደርጎ ቢገባ፣ ታውራለች ያሉት ልክ ሊሆን ነው። መነጽሩ ቢወልቅ፣ ቀኝ ዓይኗ ገና ከሕክምናው አላገገመም፣ በርበሬ መስሏል። ሱላሲህ መላ አመጣች። እናቷን ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ከተዘጋበት በኩል፣ ግራ ጎኗን ለእንግዶቹ ሰጥታ ልታስቀምጣት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አለማመደቻት።

"እማ፣ ሲያናግሩሽ አንገትሽን ብቻ ነቅንቂ። አትዙሪ! ዞርሽ እኮ!"

"ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ልሁንልሽ?"

"ፎቶማ ዝም ይላል!"

"እንዲህ ከሆነ አባትሽን ለምን አታስቀምጪውም? እሱ ዓመቱን ሙሉ በጎን ነው የሚያየኝ።"

ባሏ ታርሞ ይህን ሲሰማ በቤት ከሚያሳድጋት ዋኔ ጎጆ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ "ዝም በሉ፣ ወፏ ልትዘምር ነው" አለ። ታርሞ ሌላ ንግግር የለውም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሱላሲህ ቤቱን ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሣ እናቷን አስወጣቻት። "አቧራው ለዓይንሽ አይሆንም። ፓክ ዊርዮ በረንዳ ላይ ጥላ አለ፣ እዚያ ቆዪ።" ዩ ዳርሲኒ መነጽሯን ሰክታ ሄደች። ፓክ ዊርዮ ዱላውን ይዞ ሲወጣ አገኘችው፤ የመስጊዱ ኢማም እግራቸው ታስሮባቸው ሊያሽላቸው ነው።

"ሰው ቢመጣ ይጠብቀኝ በዪልኝ" ብሎ ሄደ።

እሷም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከራሷ በላይ፣ ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት አጥር ላይ፣ "እሽት" የሚለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከጎኗ የቅርንፉድና የኮኮናት ዘይቱ ጠርሙስ አለ። ይህን ሁሉ አላሰበችውም፤ የምታስበው ግራ ጎኗን ነበር።

ብዙ ሳትቆይ አንዲት ያማረ የባቲክ ሽርጥ ያገለደመች አሮጊት፣ አንገቷ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ፣ አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች መጣች። በሌላው እጇ የሙዝ ዘለላ ይዛለች።

"የእሽት ቤት ይኼ ነው? የፍየል መኪና ላይ አሳፍረውኝ አንገቴን ገደሉኝ" አለች ገና ከሩቁ። ወደ ጥቁሩ መነጽር ጠጋ ብላ አጎነበሰችና ፊቷ በራ። "አንቺ ነሽ አሺዋ! ሴት መሆንሽ ጥሩ ነው። ወንድ ይሆናል ብዬ ስፈራ ነበር።"

"እናቴ፣ ፓክ ዊርዮ..."

"አዎ አዎ፣ ስሙን ነግረውኛል። ሚስቱ ነሽ? እሺ በይ፣ ቶሎ በይ፣ እንግድነት መሄድ አለብኝ።"

"እሺ" አለች ዩ ዳርሲኒ።

አለቀ። አሮጊቷ በግንባሯ ተደፍታ ነበር።

ዩ ዳርሲኒ በሕይወቷ ያሸችው ነገር ቢኖር የጨው መደብ ነው። ዘይቱን በእጇ አፈሰሰችና የምታውቀውን አደረገች፤ የጨው መደብ እንደሚደለደለው የአሮጊቷን ጀርባ ከወገብ ወደ ላይ ደለደለችው። አሮጊቷ አቃሰተች። አንገቷ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር "ቀጭ!" አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ዩ ዳርሲኒ እጇን አነሣች። "ሰው ገደልኩ" አለች በልቧ። "በሰው መነጽር ሰው ገደልኩ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች አሮጊቷ። "ዞረልኝ! በግራም ዞረ፣ በቀኝም ዞረ! እጅሽ አይደለም ብረት ነው። ካየሽ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"እ... ብዙም አይደለም።"

"ምስኪን። ቀጥዪ። ለምን እንደመጣሁ ልንገርሽ፣ አንቺ የመንደሩ ሰው ነሽ። ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልናይ ነው። ሌሎቹ መስጊድ እየሰገዱ ነው፣ ሲጨርሱ እንገባለን። ልጅቷ ጥሩ ናት ይላሉ። ጉዳዬ እሷ አይደለችም። ጉዳዬ እናትየዋ ናት።"

የዩ ዳርሲኒ እጅ ቆመ።

"አታቁሚ!"

አላቆመችም። ጆሮዋ ውስጥ ግን ደሟ እንደ ባሕር ይንሾካሾክ ጀመር። አሁን መነሣት ነበረባት፤ "እናትየዋ እኔ ነኝ" ማለት ነበረባት። በሰው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይህን መናገር ግን እንዴት ይጀመራል?

"እናትየዋ ታውራለች አሉ" አለች ቡ ሙርዲያህ፣ አፏ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ። "ሰው ክፉ ናት ይለኝ ይሆናል። አንቺ ግን ትረጂኛለሽ፤ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። አያቴ ታውራ ሞተች። እናቴ ታውራ ሞተች። አሁን እኔ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዓለሙ ሁሉ የሩዝ እጣቢ ሆኖብኛል። የልጄን ፊት ካየሁ ቆየሁ፤ በኮቴው ነው የማውቀው። ዘሩ ከእኛም ከእነሱም ወገን ከመጣ ልጆቻቸው ምን ሊሆኑ ነው?"

ዩ ዳርሲኒ ዘይት ጨመረች።

"አሁን ደግሞ እዚያ ቤት ገብቼ የሰው ዓይን ልመረምር ነው! እኔ! በገዛ ዓይኔ አያለሁ ብዬ ልኬባቸዋለሁ!" አለችና አሮጊቷ ምንጣፉ ላይ እንደተደፋች መሳቅ ጀመረች። ጀርባዋ ሲርገበገብ የዩ ዳርሲኒም እጅ አብሮ ተርገበገበ፤ ሳቁ በእጇ ወጥቶ እሷም ውስጥ ገባ። ሁለቱም እስኪያልባቸው ሳቁ፣ አንዷ በራሷ ላይ፣ ሌላዋ በምን እንደምትስቅ ሳታውቅ።

"ታዲያ እንዴት ሊያዩ ነው?" አለች ዩ ዳርሲኒ ዓይኗን እየጠረገች፤ ኋላ ሲስተሯ ትዝ ስትላት እጇን ቶሎ መለሰች።

"እጅ እጨብጣለሁ። ሰው ከእጁ ይታወቃል። ለሌላው ደግሞ እንዳየሁ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ለምጄዋለሁ።" ተገልብጣ ቀና አለች። "እስኪ ንገሪኝ፣ ይለመዳል? መታወር?"

ዩ ዳርሲኒ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሆና የአሮጊቷን ዓይን ከቅርብ አየችው። ብሌኑ እንደተቀቀለ ዓሣ ዓይን ነጭ ነው። ይህን ዓይን ታውቀዋለች፤ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር።

"እናቴ፣ ይኼ መታወር አይደለም። የዓይን ሞራ ነው። ያወጡታል። እኔ በታከምኩ ቀን አንድ ሽማግሌ እንደዚሁ ነበሩ፤ ሰው እየመራ ነው ያመጣቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታላቸው መጀመሪያ ያሉት ምን መሰልዎት? 'ይቺ አሮጊት ማን ናት?' ሚስታቸው ነበሩ።"

"ውሸትሽን ነው!"

"በልጄ ይሁንብኝ።"

አሮጊቷ ዓይኗን በጣቷ ነካ አደረገች። ቀጥሎ ፊቷ በጥርጣሬ ተሸበሸበ። "ታዲያ አንቺን ለምን አላወጡልሽም?"

ዩ ዳርሲኒ አፏን ከፈተች። "የእኔ... ሌላ ዓይነት ነው" አለች። ዓይኗን በቅጠል ውሃ ስታቃጥል የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ግን ከውርደት ጆሮዋ ቀላ።

"ቡ ሙርዲያህ! የት ገቡ?" የሚል ድምፅ ከመንገድ ተሰማ። አሮጊቷ ብድግ ብላ ሁለት ሙዝ ገንጥላ በዩ ዳርሲኒ እጅ አስጨበጠቻትና፣ አንገቷን ግራና ቀኝ እያዞረች፣ በኩራት ወረደች።

ዩ ዳርሲኒ የሮጠችው በጓሮ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ብትሾልክ የፓክ ዊርዮ ዳክዬዎች መሀል ገባች። ዳክዬዎቹ አገር ይያዝልን አሉ። መነጽሯን በአንድ እጅ፣ ሙዙን በሌላው ይዛ፣ ሽርጧ በላባ ተሞልቶ፣ ማድ ቤት ደረሰች።

"እማ! የት ነበርሽ? መጥተዋል እኮ! ይኼ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"አትጠይቂኝ።"

"ሙዙስ?"

"ሙዙንም አትጠይቂኝ።"

ሱላሲህ ላባውን አራገፈችላት፣ መነጽሩን ወስዳ ደበቀች፣ የሻይ ትሪውን አስያዘቻት። "ሁለት እጅሽም ትሪ ይዟል፤ ማንንም መጨበጥ የለብሽም። አስቀምጠሽ ቶሎ ጥግሽ ግቢ። እማ፣ እባክሽ። ዛሬ ብቻ።"

መላው ጥሩ ነበር። ዩ ዳርሲኒ ወደ ሳሎን ስትገባ ቤቱ ደብዘዝ ብሏል፣ እንግዶቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ቡ ሙርዲያህ መሀል ላይ፣ ሁለት ሙዝ የጎደለው ዘለላ ከፊቷ ተቀምጦ፣ ምንም የማያዩ ዓይኖቿን በጌትነት ወደ በሩ ተክላለች። ትሪው እጇ ላይ ነው። ጥጉ ባዶውን ይጠብቃታል። ዝም ብትል ሰርጉ ይሆናል። አሮጊቷም ነጭ ዓይኗን ይዛ፣ ዘር ነው ብላ፣ ወደ ተራራዋ ትመለሳለች። ስለ ሽማግሌውም አንዲት የማታውቃት ዕውር የነገረቻት ተረት ሆኖ ይቀራል።

ዩ ዳርሲኒ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄዳ ቡ ሙርዲያህ ፊት ተንበረከከችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ሱላሲህ በር ላይ ሆና ፊቷን ሸፈነች።

አሮጊቷ እጆቹን ያዘች። ፈገግታዋ ቆመ። በአውራ ጣቷ መዳፉ ላይ ያለውን የጨው ሸካራ ደባበሰችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ቅርንፉድ። የታርሞ ዋኔ ብቻ ጎጆዋ ውስጥ ዘመረች።

"የዚህ ቤት እናት አንቺ ነሽ?" አለች ቡ ሙርዲያህ ቀስ ብላ።

"እኔ ነኝ እናቴ።"

"ታያለሽ?"

"አያለሁ።"

"ቅድምም ታዪ ነበር?"

"ቅድምም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"'እሺ' ብዬ ነበር። ከዚያ መውጫው ጠፋኝ።"

ቡ ሙርዲያህ እጆቿን አልለቀቀችም። መጀመሪያ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ። ሱላሲህ እያለቀሰች ነው ብላ አሰበች። አሮጊቷ ግን ወደ ኋላዋ ተዘርግታ በሳቅ ፈረሰች፣ "ዳክዬዎቹ! ያስጮህሻቸው አንቺ ነበርሽ!" እያለች። ዩ ዳርሲኒም አብራ ፈረሰች። እንግዶቹ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ ትልቅ ሰው ሲስቅ ዝም አይባልምና፣ እነሱም ሳቁ። ታርሞም ሳቀ፤ ዋኔዋ ደንግጣ ዝም አለች።

በመጨረሻ ቡ ሙርዲያህ ተቀመጠች፣ ሽርጧን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"የእናትየዋ ዓይን ደኅና ነው" አለች በሽማግሌ ድምፅ። "በደንብ አይቼዋለሁ።" ከዚያ ወደ ዩ ዳርሲኒ ጆሮ ጠጋ አለች። "ያ ሽማግሌ፣ ሚስቱን ያላወቃት፣ እውነት ነው ወይስ እኔን ለማጽናናት?"

"እውነት ነው እናቴ። እስከ ዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው።"

"እንግዲያስ ሰርጉ እኔ ከታከምኩ በኋላ ነው። ምራቴን በገዛ ዓይኔ አያለሁ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም።"

ዩ ዳርሲኒ ለክትትል ስትሄድ ቡ ሙርዲያህን አብራ ወሰደቻት። ሲስተሯ መብራት አብርታ አየቻትና "እማማ፣ ይኼን ይዘው እስካሁን የት ነበሩ?" አለቻት። "ተራራ ላይ፣ ስፈራ" አለች አሮጊቷ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ፕራዪትን ትክ ብላ አየችውና "ጆሮህ መቼ ነው እንዲህ ያደገው?" አለችው፤ ከዚያ ብዙ አለቀሰች፣ ሲስተሯ እስክትቆጣት ድረስ።

ለእሷም ጥቁር መነጽር ታዘዘላት። ገበያው እንደበፊቱ ቢጫና ቀይ ብቻ ነበረው። ፓክ ዊርዮ ተነፈሰና የሥራውን መነጽር ሰጣት። "አንድ ሳምንት አርፋለሁ" አለ። "ማንስ ያምነኛል አሁን?"

በሰርጉ ቀን ሦስቱ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በግራ ዩ ዳርሲኒ፣ በቀኝ ቡ ሙርዲያህ፣ ሁለቱም ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ መሀል ላይ ፓክ ዊርዮ ጥርት ባሉት ዓይኖቹ። ከተራራ የመጣ አንድ ጎልማሳ እንግዳ ወደ ድግሱ ሲያልፍ አያቸውና ልቡ ተነካ። ወደ ፓክ ዊርዮ ጎንበስ አለ።

"አባቴ፣ ይቅርታ፣ እነዚህን ሁለት ዓይነ ስውራን ወደ ምግቡ ልምራልዎት? ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከፊት አስቀድማቸዋለሁ።"

ፓክ ዊርዮ ጆሮውን ወደ ግራ ሰጠ፣ ወደ ቀኝም ሰጠ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

"እሺ" አለ።

ሴቶቹም እሺ ብለው ተነሡ፣ የእንግዳውን አንድ ክንድ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ያዙ፤ ሳቃቸውን በመጎናጸፊያቸው ጫፍ አፍነው፣ ሰልፉን ሁሉ አልፈው፣ ድስቱ ፊት ደረሱ።